ጠበል ያፈሰስኩበት የጭቃ ጦር

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ነው። ይችን የጻፍኳት ስድስት ቀን ፈጅቶብኝ ነው። ፊደሌን ያቃናችልኝ ልጄ ናት፤ ነገሩን ግን አልነካችውም። «ያደረግሽውን እንዳደረግሽው ጻፊው እማዬ» አለችኝ። እንግዲህ እንዳደረግሁት እነግራችኋለሁ፤ ፍረዱኝ።

ስሜ ደብሬ ነው። የተወለድኩት ግምጃ ቤት ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው፤ ልጄን ያሳደግሁት ግን ቆሰበር፣ ወረቀት ላይ እንጅባራ የሚሏት ከተማ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ጋሪ ነጂ ነበር። እሱ ሲነዳ ፈረሱን የማበላው፣ የማጥበውና የምጠምደው እኔ ነበርኩ። እሱ ሲሞት ፈረሱም ጋሪውም ተሸጡ፤ እኔም ቀርከሃ እየሰነጠቅሁ ቅርጫትና ወንበር መሥራት ጀመርኩ። እጄ እስከዛሬ ስንጥር አያጣውም።

ባለቤቴ ጠዋት ደኅና ወጥቶ ማታ ሬሳው ነው የመጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፈሪ ሆንኩ። አሁንም ፈሪ ነኝ፤ አልዋሽም። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፣ ትርንጎ። ከሥራ ትንሽ ከዘገየች ነጠላዬን ደርቤ መንገድ ዳር ነኝ። ጎረቤቶቼ «ደብሬ፣ ልጅሽን በገመድ እሰሪያት እንጂ!» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም።

ትርንጎ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላለፈችም። የዚያን ቀን አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ዝም አለች። ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች፤ ጠዋት ትሄዳለች፣ ማታ ትመጣለች፣ የጠየቅኋትን ብቻ ትመልሳለች። «በላሽ?» «አዎ።» «ደከመሽ?» «አይ።» ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔና የልጄ ወግ ይኸው ነበር። አንድ ነገር ብቻ አስተውል ነበር፦ ጥፍሯ ሥር ሁልጊዜ ቀይ አፈር አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ አፈር የለም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ «ጓደኛዬ ጋ ነኝ» ብላ ትሄዳለች፤ ማን እንደሆነች ግን አትነግረኝም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሯችንን አልፎ የትርንጎን አልጋ አረጠበው። አልጋውን ጎትቼ ሳወጣ ከሥሩ የብስኩት ካርቶን አገኘሁ። በክር ታስሯል። ፈታሁት።

በእግዚአብሔር ስም! ሰዎች ናቸው። ጣት የሚያክሉ የጭቃ ሰዎች፣ በጥጥ ተሸፍነው በተርታ ተኝተዋል። ራሳቸው መላጣ፣ ዐይናቸው ትልልቅ ነው፤ ከወገባቸው በታች እንደ ሣር የተንዠረገገ ሽርጥ ታጥቀዋል። ከቀርከሃ የተላገ ጦር በእጃቸው ይዘዋል፤ ያውም ከእኔ ቀርከሃ! አራት አራት አህያ የተጠመደባቸው ሠረገላዎችም አሉ። ታች በፌስታል ከተጠቀለሉት ጋር ቆጠርኳቸው፤ መቶ ሃያ ሆኑ። ከጥጡ ሥር ደግሞ ነጠብጣብ ያለባት፣ ስድስት ገጽ ያላት አጥንት መሳይ ነገርና አንድ ደብተር አለ።

ደብተሩን ገለጥሁት። መስመርና ቀስት ተስሎበታል። ጣቴን አስከትዬ አነበብኩ፦ «ላጋሽ፣ እኔ። ኡማ፣ እሱ። ቅዳሜ ይለይለታል። ዳንግላ፣ ከወፍጮው ጀርባ። አንድ ከወጣ ንጉሡ ይሞታል።»

እሱ ማነው? የሚሞተውስ ማነው? ላጋሽ የሚባል የሰው ስም ሰምቼ አላውቅም፤ የመንፈስ ስም ነው አልኩ። አምላኬን በአገውኛ ጠራሁት፤ ስደነግጥ አማርኛው ይጠፋኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ልጅ ሁለት ዓመት ዝም ብላ፣ አልጋዋ ሥር የሰው ምስል ሠርታ፣ ሞት በቀጠሮ ስትጽፍ! ልጄን ጠንቋይ ይዟታል አልኩ።

ካርቶኑን እንደነበረ አስሬ፣ ሮጬ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ ከቅዳሴ ወጥተው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ነበር። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ልጅቱን ጠየቅሻት?» አሉኝ።

«ኧረ አባቴ፣ እንዴት ብዬ? ብትሸሽብኝስ?»

«ጠይቂያት እንጂ። አፍ ያላትን ልጅ ትተሽ ጭቃውን ነው የምትመረምሪው?»

«ጭቃ ባይሆንስ?»

አባ ተነፈሱ። «መጀመሪያ ጠይቂያት። ከዚያ ወዲያ ክፉ ነገር ሆኖ ከተገኘ ጠበል ይረጭበታል፤ እኔም እጸልያለሁ። ግን መጀመሪያ ጠይቂያት፤ ሰማሽኝ ደብሬ?»

«ሰማሁ አባቴ» አልኩ። አልሰማሁም። የሰማሁት «ጠበል ይረጭበታል» ያሉትን ብቻ ነው። ፈሪ ሰው የሚፈልጋትን ቃል ብቻ መርጦ ይሰማል።

ዓርብ ትርንጎ ሥራ እንደሄደች ካርቶኑን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ጠበሉ ወረድኩ። ሰው ብዙ አልነበረም። አንዲት አሮጊት በጄሪካን እየቀዱ ነበር። እኔ ጥግ ይዤ፣ ጥጡን አንስቼ፣ የጭቃ ሰዎቹን ድንጋይ ላይ በተርታ አቆምኳቸው። በስመ አብ ብዬ በጣሳ አፈሰስኩባቸው።

መጀመሪያ አፍንጫቸው ሄደ። ከዚያ ዐይናቸው። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ፤ ቀይ ውኃ በድንጋዩ ላይ ፈሰሰ። ጦሮቹ ብቻ ቀርተው እንደ ጭራሮ ተንሳፈፉ። እኔ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? እልል አልኩ! «ቀለጠ! ሰይጣኑ ቀለጠ! ጠበሉ ያዘው!» እያልኩ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ደግሜ ቀዳሁ፤ ደግሜ አፈሰስኩ።

አሮጊቷ ጄሪካናቸውን አስቀምጠው መጡና ጎንበስ ብለው ጭቃውን በጣታቸው አሹት።

«ምንድን ነው የምታደርጊው ልጄ?»

«ጥንቆላ ነው እማማ። ይዩት፣ ጠበሉ አቀለጠው!»

«ኧ?» አሉና ጣታቸውን አሸተቱ። «ይኼ እኮ እሳት ያልገባ ሸክላ ነው። እኔ አርባ ዓመት ድስት ሠርቻለሁ። እንኳን ጠበል፣ የጉድጓድ ውኃም ብታፈሽበት ይሟሟል። ሳይተኮስ ምን ይሁን ብለሽ ነው?»

ጣሳው ከእጄ ወደቀ።

«ማን ነው የሠራው?» አሉኝ አንዱን ግማሽ ሰው አንስተው።

«ልጄ።»

«እጅ አላት» አሉ። «እዪ፣ ሽርጡን አንድ በአንድ ነው የቀጠለችው። ይኼ የቀን ሥራ አይደለም፣ የዓመት ሥራ ነው። አቤት፣ አቤት! አንቺም አታውቂ።» ጄሪካናቸውን አዝለው ሄዱ። የተቆጡኝ እንኳ አይመስለኝም፤ ያ ነው የባሰኝ።

የቀሩትን ሰበሰብኩ። ከካርቶኑ ሥር በፌስታል የተጠቀለሉ ስለነበሩ ውኃ ያልነካቸው አሥራ አንድ ናቸው። ሌላው ጭቃ ነው። ጭቃውንም አልጣልኩም፤ በካርቶኑ ዛቅሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ትርንጎ ለምሳ መጣች። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ካርቶኑ መሬት ላይ፣ ሥሩ ርሶ ቀይ ውኃ ያዣል። አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ምን አደረግሻቸው?»

«ልጄ፣ እኔ ጥንቆላ መስሎኝ… ደብተርሽ ላይ ንጉሡ ይሞታል ይላል… ጠበል…»

«ጠበል አፈሰስሽባቸው።»

«አዎ።»

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ተንበርክካ ካርቶኑን ከፈተች። እጇን ጭቃው ውስጥ አስገብታ፣ ጦሮቹን አንድ በአንድ እየለቀመች በጉልበቷ ላይ ደረደረቻቸው።

«ስንት ቀሩ?»

«አሥራ አንድ።»

«ነገ እኮ ነበር» አለች በጣም በቀስታ። «ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ ነገ ነበር።»

«ምኑ ነው ነገ? ንገሪኝ ልጄ።»

«ትናንት ነበር መጠየቅ እማዬ።» ካርቶኑን አቅፋ ተነሣች። «እንዳትከተይኝ።»

ሄደች። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ስነሣ ፀሐዩ ዘንበል ብሏል፤ እሷም መንገዱ ላይ የለችም። ስልኳን ሞከርኩ፤ ያን ሰሞን ኔትወርኩ ይመጣል ይጠፋል፣ ያን ሰዓት ጠፍቷል። የባጃጅ ተራው ጋ ሮጥሁ።

«ካርቶን የያዘች፣ ቀጠን ያለች ልጅ አይታችኋል?»

አንዱ ሾፌር መለሰልኝ። «ትርንጎን ነው? ጓደኛዬ ጭኗት ሄዷል። ወደ ዘንገና ነው።»

እንግዲህ አገሩን ለማታውቁ፣ ዘንገና ሐይቅ ነው። በዙሪያው ገደልና ዛፍ፣ መኻሉ ጥቁር ውኃ፤ ታቹ አይታወቅም ይባላል። «ወደ ዘንገና» ሲለኝ ጮህኩ። ሾፌሩ ደነገጠና ደግፎ ባጃጁ ላይ አስቀመጠኝ። «አይዞሽ እትዬ ደብሬ፣ እንደርሳለን፣ አይዞሽ» እያለ እየነዳ፣ እኔ ደግሞ በአገውኛ እየተማጸንኩ ሄድን። ያን ጊዜ ለእግዚአብሔር ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ አታናግረኝ፣ ትጥላኝ፣ ብቻ ትኑር።

ሐይቁ ዳር ቆሎ የምትሸጥ ሴት አገኘሁ። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ጠየቅኋት።

«አዎ፣ ነበረች። እዚያ ድንጋይ ላይ ብዙ ቆየች።»

«ከዚያስ? ከዚያስ እህቴ?»

«ከዚያማ ተነሣችና ሸክላ ሠሪዎች አፈር ከሚያወጡበት ጉድጓድ ወረደች። ፌስታል ሙሉ ጭቃ ዛቀች። ‹ምን ሊሆንሽ ነው?› ብላት ‹ሰው ልሠራበት› አለችኝ። ከዚያ ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሚኒባስ አስቁማ ገባች።» ሴትዮዋ አየችኝና «ምነው አለቀስሽ? ደኅና ናት እኮ!» አለችኝ።

ያለቀስኩት በደስታ ነው። መሞት የምትፈልግ ልጅ ጭቃ አትሸከምም። ይህ የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው። ግን ወዲያው ሌላው ፍርሃት ተተካ፦ ዳንግላ ያለው «እሱ» ማነው?

ቆሰበር ስመለስ የመጨረሻው ሚኒባስ ሄዷል። ያቺ ሌሊት እንዴት እንደነጋች አትጠይቁኝ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ነበርኩ። ደብተሩን ወደ ጠበል ስወርድ ከካርቶኑ አውጥቼ ቤት ትቼው ስለነበር፣ አሁን በብብቴ ይዤዋለሁ። መንገዱን ሁሉ፣ አዲስ ቅዳምን ስናልፍም ዳንግላ ስንገባም፣ ያችን አንዷን መስመር አነበብኳት፦ ከወፍጮው ጀርባ።

ወፍጮው አልጠፋኝም። ከጀርባው ሰማያዊ በር ያለው የጭቃ ቤት አለ። በድንጋይ ነው ያንኳኳሁት። የከፈቱልኝ ሽበት የወረሳቸው፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ።

«ልጄን አምጣ!» አልኩ። ሽማግሌ እንደሆኑ እያየሁ አንተ አልኳቸው፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ሰውየው አልተቆጡም። ወደ ውስጥ ዞረው «ጥሩነሽ፣ የትርንጎ እናት መጥተዋል። ሻይ ጣጂ» አሉና በሩን ሰፋ አደረጉልኝ። «ይግቡ። እጆቿ ጭቃ ናቸው እንጂ ወጥታ ትቀበልዎት ነበር።»

ገባሁ። ቤቱ ግድግዳው መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ሁሉ ደግሞ ጦር ነው። ከቀርከሃ፣ ከሰም፣ ከእንጨት፣ ከቁልፍ፣ ከሽቦ የተሠሩ ትንንሽ ወታደሮች። ጥቂቶቹ ብቻ ከእርሳስ ናቸው፤ ድሮ አብሯቸው ያስተምር የነበረ የውጭ አገር ሰው ትቶላቸው እንደሄደ በኋላ ነገሩኝ። መኻል ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ሰፊ ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ጥግ ልጄ እስከ ክንዷ ጭቃ ሆና ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝና ዐይኗን መለሰች።

እትዬ ጥሩነሽ፣ የሰውየው ባለቤት፣ ክንዴን ያዙኝ። «አይዞሽ፣ ከእኔ ጋ ነው ያደረችው። ደውይ ብላት ኔትወርክ የለም አለች። በውነት የለም ነበር፤ እኔም ሞክሬያለሁ።»

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩ። ወደ መደርደሪያዎቹ ጠቆምኩ።

ሽማግሌው መምህር ላቀው ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ወንበር ሰጡኝና ተቀመጡ።

«ሠላሳ ዓመት ሰብስቤያለሁ እመቤቴ። ከሁሉ በፊት መንግሥት ያቆሙ ሕዝቦችን ጦር ነው የምሰበስበው። እነዚህ ጋሻ የያዙት ግብፆች ናቸው። እነዚያ ቀስተኞቹ ከግብፅ በላይ፣ ዓባይ ዳር የነበሩ የኩሽ ሰዎች ናቸው። ልጅዎን ያወቅኋት መጽሐፍ ላስባዛ ፎቶ ኮፒ ቤታቸው ሄጄ ነው፤ የያዘችው ላጋሽ የምትባል የሱመር፣ ማለት የዛሬው ኢራቅ፣ ከተማ ናት፤ ከአራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት የነበረች። እኔ ጎረቤቷን ኡማን ይዣለሁ። ሁለቱ ተዋግተዋል፤ በጽሑፍ ከደረሱን ጦርነቶች ከመጀመሪያዎቹ ነው።»

«በምን ተጣሉ?»

«በድንበር። በአንድ እርሻና በመስኖ ውኃ።»

«በእርሻ ድንበር?» አልኩ። «አራት ሺህ ዓመት ሙሉ?»

መምህር ሳቁ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም።

«ንጉሡ ይሞታል የሚለውስ?»

ነጠብጣብ ያለባትን ነገር ከጠረጴዛው አነሡ። «ይኼ ልጆች ሉዶ የሚጫወቱበት ዳይስ ነው። በጨዋታው ንጉሡ ሲመታ ዳይሱ ይጣላል፤ አንድ ከወጣ ወደቀ፣ ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። ከዚያ ሻይ ይጠጣል።»

ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። መቶ ዘጠኝ የልጄን ሰዎች በሉዶ መጫወቻ ፈርቼ ገደልኳቸው።

«ትርንጎ» አልኩ ከነጠላዬ ውስጥ። «ይቅር በይኝ።»

ጭቃውን ማሸቷን ቀጠለች።

«ትርንጎ፣ እናትሽ ናቸው የሚያናግሩሽ» አሉ መምህር።

«ሰምቻለሁ ጋሼ» አለች። ወደ እኔ ሳታይ ቀጠለች፤ «ተቆጥቼ አይደለም እማዬ። ፈተናው ሲጥለኝ ምንም አልችልም ብዬ ነበር። ይኼን ግን ቻልኩት። ይኼን ብቻ። አንቺ ደግሞ መጥተሽ አቀለጥሽው። ይቅር ልልሽ እፈልጋለሁ፤ ግን ገና አልመጣልኝም። ምን ላድርግ?»

ልጄ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ቃል አውርታኝ አታውቅም። ተነሥቼ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከእሷ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። ብታባርረኝም አልነሣም ብዬ ነበር፤ አላባረረችኝም።

እየቆየሁ እጇን ማየት ጀመርኩ። ሠረገላውን ደግማ እየሠራች ነው። አራት አህያ ጎን ለጎን አቁማ፣ በየአህያው ግራና ቀኝ ረጃጅም ስንጥር ታስገባለች፤ ልክ የእኛ ጋሪ እንደሚጠመደው። አንዱን ስታስገባ ሌላው ይወጣል። ሦስት ጊዜ ሠራች፤ ሦስት ጊዜ ፈረሰ። «ኤጭ!» አለች። ዝም ልል ነበር። አፌ ግን አልቻለም።

«አይሄድም» አልኩ።

«ምኑ?»

«እንዲህ አይጠመድም። በሁለት እንጨት መኻል የሚጠመደው አንድ ፈረስ ነው። አራት ከብት እንዲህ ብትጠምጂ ሲታጠፉ ይተላለቃሉ። አባትሽ አንድ ጊዜ ሁለት ፈረስ እንዲህ ሞክሮ አጥር ውስጥ ነው የገባው፤ ሳንቃውን እኔ ነኝ የለቀምኩት።»

«ታዲያ እንዴት ይጠመዳል?»

«እንደ በሬ ነዋ! መኻል ላይ አንድ ሞፈር ታወጫለሽ። ቀንበሩን በመኻለኞቹ ሁለት አህዮች ላይ ትጭኛለሽ። የዳሮቹ ሁለቱ ቀንበር የላቸውም፤ በጠፍር ከጎን ይታሰራሉ፣ ይረዳሉ። አምጪው።»

አመጣችው። በዚያች ጥፍሬን በምታህል ስንጥር ሞፈር አበጀሁላት፤ ቀንበር ላግሁ፤ ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዝዤ አሰርኩ። አራቱ አህዮች ቀጥ ብለው ቆሙ። ገፋ አደረግሁት። ሄደ።

መምህር ላቀው አጎንብሰው አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ደግመው አዩት። ከዚያ እግራቸውን እየጎተቱ ሄደው አንድ ያረጀ መጽሐፍ አወጡና ሥዕል ገለጡ። ከመሬት ሥር የተገኘ የጥንት ሥዕል ነው አሉ። አራት አህያ መሳይ፣ ጎማው ከሳንቃ የሆነ ሠረገላ፣ ከመኻላቸው የወጣ አንድ ረጅም እንጨት።

«ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ!» አሉ ግንባራቸውን በመዳፋቸው እየመቱ። «ይኼን እንጨት ስንት ጊዜ! ምን እንደሚሠራ ግን አልገባኝም ነበር። ጥሩነሽ፣ ነይ እዪ፣ የመጀመሪያዋ የሱመር ጋሪ ነጂ መጣችልሽ!»

«ፈረስስ የት አለ?» አልኩ ሥዕሉን እያየሁ።

«ያኔ በፈረስ አይዋጉም ነበር።»

«ፈረስ የሌለው ጦር ምን ጦር ነው? እነዚህን እኛ አገር ቢያመጧቸው ሁለት ፈረሰኛ ይበትናቸዋል!»

ትርንጎ ሳቀች። በአፍንጫዋ ጀምሯት ነው ያመለጣት፤ በጭቃ እጇ አፏን ይዛ፣ ጉንጯን ቀይ አድርጋ ሳቀች። እኔ እንዳላየ ሆኜ ቀርከሃ መሰንጠቄን ቀጠልኩ። ደግሜ ባያት የምታቆም መሰለኝ።

ከሰዓት ተጫወቱ። ላጋሽ የገባችው በአሥራ አንድ ደረቅ ወታደርና በሠላሳ እርጥብ ወታደር ነው። እርጥቦቹ እየተንጋደዱ በቀጠሉ ቁጥር መምህር «እነዚህ ሰክረዋል፣ አይቆጠሩም» ይላሉ፤ ትርንጎ «ደክሟቸው ነው፣ ትናንት ታጥበዋል» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መጀመሪያ ደነገጥሁ። ከዚያ እየቀለደችብኝ መሆኑ ገባኝ። የሚቀልድ ሰው ጨርሶ አልራቀም።

ላጋሽ ተሸነፈች። በመጨረሻ ንጉሡ ሲመታ ትርንጎ ዳይሱን ለእኔ አቀበለችኝ። «ጣይው እማዬ።» ጣልኩት። አንድ ወጣ! ንጉሡን በጣቷ አስተኛችውና «ሞተ» አለች። እኔም አማተብኩ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ።

በሚኒባሱ ስንመለስ አላናገረችኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝም። ግን እንቅልፍ ሲወስዳት ራሷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ እኔም ቆሰበር እስክንደርስ ትከሻዬን አላነቃነቅሁም፣ ቢደነዝዝም።

ይህ ከሆነ ስምንት ወር አልፎታል። ላጋሽ እንደገና ተሠርታለች፤ አሁን ግን ተተኩሳ፣ በሸክላ ሠሪ እሳት ውስጥ አልፋ ነው። ጦሩን የምልግላት እኔ ነኝ። እኔም ለራሴ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ፤ ቀስተኞቹን የኩሽ ሰዎች ያዝኩ። ሃያ ስድስት ደርሰውልኛል። ጎረቤቶቼ «ደብሬ በእርጅናዋ አሻንጉሊት ያዘች» ይላሉ። ይበሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ እናቶች ሆይ፣ ምክር ለመስጠት የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ግን በእሳት ያለፍኩ ፈሪ እንደመሆኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ልጃችሁ አልጋ ሥር የማታውቁት ነገር ብታገኙ ፍሩ፤ መፍራታችሁን ማንም አይከለክላችሁም። ግን ፈርታችሁ ከነገሩ ጋር አትማከሩ፤ ከልጁ ጋር ተማከሩ። እኔ አፍ ያላትን ትቼ አፍ የሌላቸውን ነው ያጠመቅሁት። ፍርሃቴ ፍቅር ይመስለኝ ነበር። ፍቅርም ነው፤ ግን ዐይኑ የታሰረ ነው። ደግሞ ይህን እወቁ፦ ያልተማረ ሰው ባዶ አይደለም። እኔ በማላውቀው መጽሐፍ ውስጥ እኔ የማውቀው ቀንበር ነበር። ልጆቻችሁ የሚወዱትን ነገር ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ የእናንተ እጅ የሚገባበት ቦታ ይኖረዋል።

ትናንት ቀርከሃ ስልግ ትርንጎ ከሥራ መጣች። አልጠየቅኋትም፤ በላሽም፣ ደከመሽም አላልኩም። መጥታ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ፈተናውን እንደገና ልወስድ ተመዝግቤያለሁ» አለችኝ። «ፈርቻለሁ።»

ቢላዋዬን አስቀመጥሁ።

«እኔም» አልኳት። ከዚያ ጠጋ አልኩላት፤ ስለ ፈተናው እስኪመሽ አወራችኝ።